ተዘግቶ የነበረው ካሜራ

እስቲ በአንድ ወቅት በሰፊው ሲወራለት ከነበረ ሙከራ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች ለሚኖሩ ልጆች ታብሌት አደለ። በየመንደሩ 20 ገደማ ልጆች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ለአንደኛ ክፍል የደረሰ። መምህር አልተመደበላቸውም። ታብሌቶቹ ካርቶናቸው እንደታሸገ ተቀመጡላቸው፣ በቃ።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። 5 ቀን ሳይሞላ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይጠቀም ነበር። በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ። በ5 ወር ደግሞ አንድሮይድን «ሀክ» አደረጉ።

ዓለም ያጨበጨበው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። እኔ ግን ልጠይቃችሁ፦ ሀክ ያደረጉት ምን ፈልገው ነው? ካሜራውን! ታብሌቱን ያዘጋጁት ሰዎች በስህተት ካሜራውን ዘግተውት ነበር። ልጆቹ ካሜራ እንዳለው ደረሱበትና ከፈቱት። ይህ ለሳቅ ያህል ይነገራል እንጂ ብዙም አልተመረመረም። ለእኔ የሙከራው ትልቁ ግኝት እሱ ነው።

ምህንድስና ስንማር ቶሎ የምንሠራው አንድ ስህተት አለ፦ መለካት የፈለግነውን ትተን ለመቁጠር የሚቀለንን እንቆጥራለን። «47 አፕ» እንደዚያ ነው። በቀን 47 አፕ የከፈተ ልጅ እየተማረ ሊሆን ይችላል፤ የሚወደውን አጥቶ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም። ፎቶ ግን ልጁ የት እንደቆመ፣ ምን እንደሳበው ያሳያል። ደግሞም የፊደል መዝሙሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ካሜራ ግን ቋንቋ አይመርጥም። ልጁ ያነሳውን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያወራዋል።

ይህን በደንብ የገባኝ አንኮበር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው። የአጎቴ የልጅ ልጅ 8 ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ ናት፣ ክፍል ውስጥም እጇን አታወጣም ይላሉ። ስልኬን ሰጠኋት። በሩ ወደ አፋር ቆላ የሚያይ፣ ውስጡ ጨለም ያለ ቤት ነው። አያቷ ቡና ሲቆሉ ከነበሩበት አነሳቻቸው። ፎቶውን አይታ ግን ግራ ገባት፦ «ጋሼ፣ ደጁ የት ሄደ?» በሩ ነጭ ብቻ ሆኗል።

ጥያቄዋ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ካሜራው ሴንሰር ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የብርሃን መቀበያዎች አሉ። እያንዳንዱን ዝናብ ላይ እንደተቀመጠ ጣሳ አስቡት። ስልኩ ጨለማውን ቤት ለማሳየት ጣሳዎቹን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ይተዋቸዋል። በበሩ የሚገባው ብርሃን ግን ዶፍ ነው፤ እነዚያ ጣሳዎች ቶሎ ሞልተው ይፈስሳሉ። ሞልቶ የፈሰሰ ጣሳ ደግሞ ምን ያህል እንደዘነበ አይናገርም። ለዚህ ነው ተራራውም ሰማዩም እኩል የነጡት።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ በሩን እንድትነካ አሳየኋት። ተራራው ወጣ፤ አያቷ ጠቆሩ። ሮጣ ሄዳ «እማዬ፣ አንቺን ሳይ ደጁ ይጠፋል፤ ደጁን ሳይ አንቺ ትጠፊያለሽ!» ብላ ማስረዳት ጀመረች። ማታውን ሙሉ አላቆመችም።

አንድ ቀን ያየሁት ነገር ጥናት አይደለም፤ አንዲት ልጅ፣ አንድ ስልክ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ልጅቷ ስትጠይቅ የሚመልስ፣ ስታወራም የሚሰማ ሰው አጠገቧ ነበር። የ2012ቱ ሙከራ ሁለተኛ ድክመት እዚህ ላይ ነው፤ «ያለ መምህር» መሆኑን እንደ ድል ቆጠረው። ከዚያ በፊት አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኤሪክ ጎተስማን አዲስ አበባ ውስጥ ወላጆቻቸውን በኤድስ ካጡ ልጆች ጋር «ሰደን ፍላወርስ» በሚል ስም ለዓመታት ሠርቷል። እዚያ ልጆቹ ፎቶና ቪዲዮ እየሠሩ ሊናገሩት የከበዳቸውን ይገልጹ ነበር፤ ዋናው ነገር አብሯቸው የቆየ ሰው መኖሩ ነው።

ወንጪና ወለንጪቲ ልጆች መሣሪያ እንደማይፈሩ አሳይተውናል፤ ይህን አልክድም። ታዲያ ለትምህርት ቤት ታብሌት የሚገዛ ሰው ካለ ምክሬ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ካሜራውን ክፈቱት፤ ቀጥሎ «ይህን ለምን አነሳኸው? ለምን አነሳሽው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀምጡ።

እናንተም ደብረ ብርሃን ሁኑ አንኮበር፣ ነገ ጠዋት ቤት ውስጥ ቆማችሁ ክፍት በሩን ሁለት ጊዜ አንሱ፤ አንዴ ጨለማውን፣ አንዴ ደጁን ነክታችሁ። ሰው ካለበት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ከዚያ ልዩነቱን ለታናሻችሁ አስረዱ። ካልገባው የጣሳዋን ነገር ንገሩት።