ሰንሰለቱን የሚያስረው ማን ነው? ስለ አእምሮ ጤና ቅስቀሳችን የቀረበ ሒስ

በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ይከበራል። ዕለቱ በዓለም ደረጃ መታሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በአገራችንም ዕለቱ ሲከበር ባነር ይሰቀላል፣ ካናቴራ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፖስተር ይለጠፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ካናቴራውን ለብሰው ከተሰለፉት፣ ፖስተሩንም በገዛ እጃቸው ከለጠፉት አንዱ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሒስ በመጀመሪያ የሚነካው ራሱን ጸሐፊውን መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲረዳልኝ እወዳለሁ።

ፖስተሩ የሚናገረውና የሚሸሽገው

ከእነዚህ ፖስተሮች አንዱን በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ግድግዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ተለጥፎ ተመልክቼዋለሁ። በግራ በኩል ልብሱ የተቀዳደደ፣ ጠጉሩ የተንጨባረረ ሰው ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ይታያል። ከኋላው እናትና አባት አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በቀኝ በኩል ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ እጁን ዘርግቷል። ከሥሩ የአእምሮ ሕመም የሚታከም መሆኑንና ሕመምተኛን ማሰር ተገቢ አለመሆኑን የሚያስገነዝብ ጽሑፍ ሰፍሯል።

መልእክቱ ሐሰት የለበትም። የአእምሮ ሕመም ይታከማል፤ ሰውን ማሰርም ክብሩን መግፈፍ ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉን ረጋ ብሎ ለተመለከተ ሰው ሦስት ጉድለቶች ይታዩታል። አንደኛ፣ በደሉ ሁሉ በቤተሰብ ትከሻ ላይ ተጭኗል። ሁለተኛ፣ ነጭ ጋውን የለበሰው ባለሙያ እንከን የሌለበት አዳኝ ሆኖ ቀርቧል። ሦስተኛ፣ ታሳሪው አፍ የለውም፤ ስለ እርሱ ይነገራል፣ ስለ እርሱ ይታዘናል፣ እርሱ ግን አንዲት ቃል አይናገርም። እነዚህ ጉድለቶች የሠዓሊው ብቻ አይደሉም። የቅስቀሳችን አስተሳሰብ ራሱ የተቀረጸው በዚሁ መልክ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ቤተሰብ ለምን ያስራል?

በጉራጌ አካባቢ በምትገኘው በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ስለ ማሰር የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ጥናቱ ሕመምተኞችን፣ አስታማሚዎችንና የአካባቢውን ሰዎች አነጋግሮ የደረሰበት ድምዳሜ ፖስተሩ ከሚነግረን በእጅጉ የተለየ ነው። ማሰር በአብዛኛው ከጭካኔ የሚመነጭ ሳይሆን፣ ሌላ መላ ያጣ ቤተሰብ የሚወስደው የመጨረሻ እርምጃ ሆኖ ተገኝቷል። ሕመምተኛው ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጎዳ ይሰጋሉ፤ ሕክምናው ሩቅ ነው፤ ገንዘቡ የለም፤ የሚያግዝ ጎረቤትም የለም።

ቤተሰቡ ራሱ የመገለል ሰለባ መሆኑም አይዘነጋ። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ዘመዶች መካከል 178ቱን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ከአራቱ ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው አመልክቷል። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ በፖስተር መውቀስ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

የአገልግሎቱንም ታሪክ እናስታውስ። የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻላይዜሽን ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ አገልግሎቱን ለማዳረስ የተደረገው ጥረት ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። እንግዲህ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ግማሽ ቀን ተጉዛ መጥታ የመድኃኒት ክፍሉ «ሃሎፔሪዶል አልቋል፤ በሚቀጥለው ወር ተመለሽ» ሲላት፣ ያ ወር እስኪደርስ ልጇን በምን እንድትይዘው አስበናል? ማሰርን ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሳይኖር «ፍቱት» ብቻ ማለት ኀላፊነትን ከራስ አውርዶ በሌላው ላይ መጫን ነው።

ቃሉና ሕጉ

ከፖስተሩ ጀርባ የቋንቋም ችግር አለ። ቀድሞ «አካለ ስንኩል» ይባል የነበረው ዛሬ «አካል ጉዳተኛ» መባሉ መሻሻል ነው። ነገር ግን ቃሉ «አካል» በሚለው ስለሚጀምር አእምሮው የታመመውን ሰው በራፍ ላይ ያስቀረዋል። «አካል ጉዳተኛ» ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ክራንች፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ነጭ በትር ነው። ለዓመታት በስኪዞፍሬንያ ምክንያት ከሥራ፣ ከትዳርና ከእድር የተለየው ሰው በዚህ ስም ውስጥ የሚያስገባው አያገኝም። ለአንዱ መብት ይጠየቅለታል፤ ለሌላው ይታዘንለታል።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሊያቋቁማቸውና ሊረዳቸው ከሚገቡ ዜጎች መካከል የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን አብሮ ይጠቅሳል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በትርጓሜው ውስጥ የአእምሮ ጉዳትን አካቷል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም እንዲሁ ነው። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 25 በቀጥታ እኛን ይመለከታል፤ የጤና ባለሙያዎች ለእነዚህ ሰዎች ለሌላው ከሚሰጡት እኩል ጥራት ያለው ሕክምና፣ በነጻ ፈቃዳቸውና ተረድተው በሰጡት ስምምነት ላይ ተመሥርተው እንዲሰጡ ይጠይቃል።

በአንጻሩ የቆየው ሕግ ምን ያህል ሌላ መንፈስ እንደነበረው ለማየት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን አንቀጽ 342 መመልከት ይበቃል። ድንጋጌው ነዋሪው ከሁለት ሺህ በታች በሆነ የገጠር አካባቢ አንድን ሰው ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሲጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ሲያግዱት፣ እብደቱ በገሃድ የታወቀ ሆኖ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ዓላማው ሕመምተኛውን ሳያውቅ ከሚፈርመው ጎጂ ውል ለመጠበቅ እንደነበር ይገባኛል። ሆኖም ውጤቱን እናስተውል፤ መታገዱ ራሱ የእብደቱ ማስረጃ ሆነ። ሐኪም ሳይመረምረው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሰንሰለቱ መሰከረበት።

በእኛው በር ላይ ያለው መገለል

ይህን ድንጋጌ ስናነብ «የድሮ ሕግ ነው» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ነገር ግን እኛስ በምርመራ ክፍላችን ውስጥ ከዚህ የተለየ ምን እናደርጋለን?

ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቄ በጠቅላላ ሐኪምነት በምሠራበት የመጀመሪያው ዓመት አንዲት ሴት ዕድሜው አርባ የሚሆን ወንድሟን ይዛ መጣች። ካርዱ ላይ «የአእምሮ ሕመምተኛ» የሚል በትልቁ ተጽፎ ነበር። ከስቷል፤ ያስለዋል። እኔ ግን ካርዱን አንብቤ ስለጨረስኩ ሰውየውን የጨረስኩት መሰለኝ። ሁሉን ነገር የጠየቅሁት እኅቱን ነበር፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ መድኃኒት መውሰዱን። ደረቱን አላዳመጥኩም፤ ክብደቱን አላስለካሁም። «ለመመርመር አይተባበርም» ብዬ ጻፍኩና ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መራሁት። አይተባበርም ያልኩት ሳልጠይቀው ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደም እየተፋ ተመለሰ። የአክታው ምርመራ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አሳየ። ሕክምናው ተጀመረለት፤ ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት አረፈ። እኅቱ አስከሬኑን ልትወስድ በመጣች ጊዜ አልጮኸችም፣ አልከሰሰችኝም። «ዶክተር፣ እሱን ቢጠይቁት እኮ ይነግርዎት ነበር፤ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኛል እያለ ለእኔ ሲነግረኝ ነበር» አለችኝ። እኔ እርሷን ስለ ላብ አልጠየቅኋትም፤ እርሱን ደግሞ ስለ ምንም አልጠየቅሁትም።

ይህ የአንድ ጀማሪ ሐኪም ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ባላቀረብኩት ነበር። በቡታጅራ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በ30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከሞት መንስኤዎቹ ቀዳሚውን ቦታ የያዙትም ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። እነዚህ ደግሞ የትኛውም ጤና ጣቢያ ሊለያቸውና ሊያክማቸው የሚገቡ በሽታዎች ናቸው። ስለ መገለል ስንናገር ጣታችንን ወደ መንደሩ እንቀስራለን፤ ሕይወት የሚያሳጥረው መገለል ግን በከፊል የሚፈጸመው በእኛው ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ጋውን፣ በብዕር ነው።

ማኅበረሰቡ ምን ይችላል?

ተስፋ የሚሰጠው ማስረጃም የመጣው ከዚያው አካባቢ ነው። በሶዶ ወረዳ በ48 ንኡሳን አካባቢዎች፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን 166 ሰዎች ያሳተፈ ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ለአንደኛው ወገን በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና ብቻ ቀረበለት። ለሁለተኛው ከሕክምናው በተጨማሪ፣ የጤና ሙያ የሌላቸው ነገር ግን የሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን ደገፉ፤ ስለ ሕመሙ አስረዱ፤ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ አገዙት፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና መሪዎች አነጋገሩ። ከ12 ወር በኋላ የሁለተኛው ወገን የዕለት ኑሮ ችግር ከመጀመሪያው ይልቅ ቀንሶ ተገኘ።

ከዚህ ሙከራ የምንማረው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ለውጡ የመጣው ሕዝቡ ስለ ተወቀሰ አይደለም። መድኃኒቱ በቅርብ ተገኘ፣ ሰውም በየቤቱ ተገኘ፤ ሁለቱ ተደጋገፉ። ለቀብር፣ ለሠርግና ለእርሻ ሥራ መተጋገዝን የሚያውቅ ማኅበረሰብ አእምሮው የታመመውንም መልሶ የመቀበል አቅም አለው። የጎደለው መንገዱን የሚያሳየውና ጎን ለጎን የሚቆም አገልግሎት ነው።

ምን ይደረግ?

የሚከተሉት አስተያየቶች አዲስ በጀት አይጠይቁም፤ ቢጠይቁም ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ሕመምተኛውን አስቀድመን እንጠይቀው። ሰላም እንበለው፣ በስሙ እንጥራው፣ ዛሬ ምን እንዳመጣው ከራሱ አፍ እንስማ። ቤተሰቡን የምናነጋግረው ከዚያ በኋላ፣ በሚቻል ጊዜም በእርሱ ፈቃድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የአእምሮ ሕክምና ለሚከታተል ሰው ሁሉ ክብደት፣ የደም ግፊትና ሳል ካለም የአክታ ምርመራ እንደማንኛውም ታካሚ ይደረግ። «አይተባበርም» የሚለው ቃል ካርድ ላይ የሚሰፍረው ስንት ጊዜ፣ በምን አኳኋን እንደተጠየቀ አብሮ ሲጻፍ ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ሰንሰለት ይፈታ ስንል የመድኃኒቱን መኖር፣ የቀጠሮውን ቀንና ችግር ሲመጣ ቤተሰቡ የሚያገኘውን ሰው አብረን እንንገር። መድኃኒት ማለቁንም እንደ ተራ ነገር ሳንቆጥር፣ እንደ ኢንሱሊን ማለቅ አድርገን ለሚመለከተው ክፍል እናሳውቅ።

አራተኛ፣ ወደ ጸበል የሚወስድን ቤተሰብ በንቀት አናሸማቅ። የተሸማቀቀ ቤተሰብ ሁለተኛ አይመጣም። ጸበሉና መድኃኒቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ በአክብሮት ማስረዳት ይበልጣል።

አምስተኛ፣ መስከረም ሲመጣ በመድረኩ ላይ ሕመሙን የኖሩበት ሰዎች ይናገሩ። አበባ አበርካች ሆነው እንዲቀርቡ ብቻ አንጥራቸው፤ የዕለቱን መልእክት ሲዘጋጅ ጀምሮ አብረው የሚወስኑ ይሁኑ። ሙያዊ ንግግር ለሚያደርገው እንግዳ አበል የሚከፈለው ከሆነ ለእነርሱም ይከፈል።

ማጠቃለያ

ያን ፖስተር ዳግመኛ ማሠራት ቢቻለኝ ሰንሰለቱን ከሥዕሉ አላጠፋም፤ ያለ ነገር ነውና። ነገር ግን በቀኝ በኩል ያለውን ባለሙያ እጁን ዘርግቶ ከሚቆም ይልቅ ወንበር ስቦ፣ ካርዱን ዘግቶ፣ ከሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያዳምጥ ባሳየሁት። ከሥሩም የሚሰፍረው ጽሑፍ ሕመምተኛው ራሱ የመረጠው በሆነ።

ፖስተር እስኪለወጥ ድረስ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት በየተመላላሽ ክፍላችን «የአእምሮ ሕመምተኛ» የሚል የተጻፈበት ካርድ ይቀርብልን ይሆናል። ያን ካርድ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን «ምን አመመዎት?» ብለን እርሱን ራሱን እንጠይቅ። እኔ ያልጠየቅሁት ሰው መልሱ ነበረው።