ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ

በ2000 ዓ.ም. አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪንድል የሚባለውን የመጽሐፍ ማንበቢያ ለገበያ አወጣ። ገጹ እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን መልሶ የሚያሳይ ነውና፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ባለችው በሐሙሲት የቀትር ፀሐይ ስልክ ሲደበዝዝ እርሱ በደኅና ይነበባል። ኃይል የሚፈጀውም ይልቁን ገጽ ሲገለጥ ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተሞላ ለሳምንታት ያገለግላል፤ ብዙ መጻሕፍትንም በአንድ ማኅደር ይይዛል።

ነገር ግን ጉድለቱ ሊሸሸግ አይገባም። የግእዝ ፊደል ካልተሰናዳለት በሆሄው ፈንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያሳየው ዓይነት ደግሞ፣ በብራና ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቅዱስ ስም አጥቁሮ ከሌላው ቃል ጋራ ያመሳስለዋል፤ አንባቢውም ጸሐፊው ያኖረለትን ምልክት ያጣል። ስለዚህ መሣሪያው ለታሪክና ለትምህርት መጻሕፍት መልካም አገልጋይ ነው፤ የብራናውን መጽሐፍ ግን አይተካም።