መስኮቱን የሚዘጋው ማን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በጤና ተቋማት ውስጥ የሚደርስን የበሽታ መተላለፍ በተፈጥሯዊ የአየር ዝውውር ስለ መቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ፣ አቅሙ ውስን ለሆነ ሆስፒታል ከተዘጋጁት ጠቃሚ ሰነዶች አንዱ ነው። ለአየር ወለድ በሽታ በተለዩ ክፍሎች ለአንድ በሽተኛ በሰከንድ 160 ሊትር፣ በሌሎች የተኝቶ መታከሚያና የተመላላሽ ክፍሎች ደግሞ 60 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ ይጠይቃል። ይህንንም ያለ ውድ መሣሪያ፣ በበርና በመስኮት ማግኘት እንደሚቻል ያስረዳል።

አቋሙ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የሊማ ሆስፒታሎች ጥናት እንዳሳየው፣ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጣል፤ በመሣሪያ አየር በሚገባባቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነበር። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንፃዎችም ከአዲሶቹ በልጠው ተገኝተዋል። መስኮቱ ሲዘጋ ግን የአየሩ ዝውውር በ18 እጥፍ ያንሳል።

የመመሪያው ድካም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ሰነዱ የአየር ጠባይ መለዋወጥን ባይዘነጋም ክብደቱን የጣለው በሕንፃው ላይ ነው፤ መስኮቱ ግን የሚከፈተውና የሚዘጋው በሰው እጅ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ዙሪያ ገጠር ልጇን ይዛ ለመጣች እናት፣ በሐምሌ ሌሊት የተከፈተ መስኮት መድኃኒት ሳይሆን ሕፃኑን «ብርድ የሚያስመታ» ጠላት ነው። የምትዘጋው ከፍቅር የተነሣ ነው። በአጠገቡ ባለው አልጋ የሚያስለው ሕፃን የትንፋሽ ቫይረስ ይዞ ከሆነ፣ አደጋው የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአስታማሚና የጠያቂ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ኮሪያ በተነሣው የመርስ ወረርሽኝ 186 ሰዎች ተይዘው 38 ሞተዋል። ቫይረሱ የተዛመተው በአብዛኛው በሆስፒታሎች ውስጥ ሲሆን፣ ከተያዙት ሲሶ ያህሉ አስታማሚዎችና ጠያቂዎች ነበሩ። ያቺ አገር የመሣሪያ እጥረት አልነበረባትም፤ የተጨናነቀ የድንገተኛ ክፍልና በሽተኛን ከቦ የማስታመም ልማድ ግን ነበራት። የታመመን መጠየቅ ጽድቅም ግዴታም በሆነበት በጎጃም ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ መመሪያው ወደ ሥራ ሲተረጎም ከሊትሩ ስሌት ጎን ሌሎች ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። በየተራው መስኮቱን የመክፈት ኃላፊነት የማን ነው? መስኮት ክፈቱ ከተባለ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከየት ይመጣል? የሚያስለው በሽተኛ ገና በካርድ ክፍል ሳለ ጭምብል አግኝቶ ከሌላው ይለያልን? ሳል የያዘው የሕክምና ባለሙያ ያለ ቅጣት ማረፍ ይችላልን? ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ይበቃል ሲባልስ ምክንያቱ በሚገባ ይነገራልን?

መስኮቱን የምትዘጋውን እናት መቆጣት ፋይዳ የለውም። ልጇን ብርድ ልብስ ደርቦለት፣ መስኮቱ ለምን እንደሚከፈት በትሕትና የሚያስረዳት ባለሙያ ግን የመመሪያውን ግማሽ ሥራ ፈጸመ ማለት ነው።