የአስማት ደንብና የፊዚክስ ሕግ በአንድ ጨዋታ ውስጥ

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ደንብ የተጀመረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በጨዋታው ውስጥ አስማት መኖሩን አይደለም፤ አስማት የሌለበት ተረት ጥቂት ነውና። የምንጠይቀው ደንቡ ዝም ባለበት ስፍራ ማን ይፈርዳል ብለን ነው።

በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ አንድ ብልሃት አለ። በዛሬው ደንብ አንድ የውጊያ ዙር 6 ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ በዚያው ዙር እያንዳንዱ ሰው ዕቃ ተቀብሎ ለጎረቤቱ ለማቀበል ይችላል። እንግዲህ 2,000 ገበሬዎች በየ5 ጫማው ቢሰለፉ፣ አንድ ዘንግ 10,000 ጫማ፣ ማለት ከ3 ኪሎሜትር በላይ፣ በ6 ሰከንድ ይጓዛል። ይህም በሰከንድ 500 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከድምፅ ይፈጥናል። ስለዚህ የመጨረሻው ገበሬ ቢወረውረው ዘንዶውን በአንድ ምት ይገድለዋል ይላሉ።

ማካፈሉ ትክክል ነው፤ ክርክሩ ግን አይደለም። ፊዚክስ ዳኛ ቢሆን ኖሮ የሰው እጅ ለዘንጉ እንዲህ ያለ ፍጥነት ሊሰጠው ባልቻለም ነበር። ደንቡ እስከ መጨረሻው ዳኛ ቢሆን ደግሞ የተወረወረ ዘንግ ጉዳቱ የሚቆጠረው በአንድ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ብቻ ነው። ተከራካሪው መንገዱን በደንቡ ተጉዞ ምቱን በኒውተን ያስቆጥራል። በ2024 የታተመው የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ ይህንኑ ብልሃት አንሥቶ ደንቡ ፊዚክስ አይደለም ብሏል። ፍርዱን እንቀበላለን። እኛ በምንጫወትበት ጠረጴዛ እንኳ ፊዚክስ የሚያጠናው ጓደኛችን በክርክር በረታ ቁጥር፣ ታሪክ የምታጠናው ተጫዋች ዳይሷን አስቀምጣ ዝም ትል ነበር።

ሆኖም ሳይንስን ጨርሶ ከጠረጴዛው ማባረር አይገባም እንላለን። በ1978 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ፣ በጠባብ ስፍራ የተጣለ የእሳት ኳስ ወደ 33,000 ኪዩቢክ ጫማ የሚሆነውን መጠኑን እንደ ያዘ ይዘረጋል ይላል። ወርዱና ቁመቱ 10 ጫማ በሆነ መተላለፊያ ውስጥ 330 ጫማ ይሮጣል ማለት ነው፤ ያልለካ አስማተኛም ራሱን ያቃጥላል። ያው አንቀጽ ግን ፍንዳታው ይህን ያህል ግፊት የለውም ይላል። ነበልባሉ እንደ ጋዝ ክፍሉን ይሞላል፣ እንደ ጋዝ ግን ግድግዳውን አይገፋም! እርስ በርሱ ቢጋጭም ይህን አንቀጽ እንወደዋለን፤ ሳይንሱ አስቀድሞ የተነገረ ስለ ሆነ የታሪክ ተማሪዋም እንደ ጓደኛችን ክፍሉን ለክታ ለመጣል ትችላለች። የ2014ቱ እትም የ20 ጫማ ሬዲየሱን ብቻ አስቀርቶ የመጠኑን ስሌት ትቶታል። ለመቁጠር ይቀላል፤ መተላለፊያውን የሚለካ ግን ዛሬ የለም።