የባላው ስፌት

ውፍረትን በስፌት ሲያክም ሐኪሙ ሆድ አይዘረግፍም። አምስት ስድስት ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ውስጡን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፍቶ በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ረጃጅም መሣሪያዎቹን ያስገባል። ጉበቱ ቀና ሲል ጨጓራው ብቅ ይላል። ስቴፕለሩ ይነክሰዋል፤ በአንድ ንክሻ ግራና ቀኙን በጥቃቅን የታይታኒየም ሽቦ ረድፍ በረድፍ ሰፍቶ መሐሉን ይቆርጣል። ከጥቂት ንክሻ በኋላ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ፣ ግማሽ ሲኒ ቡና የማትችል ከረጢት ተለይታ ትቀራለች።

ቀጥሎ አንጀቱ ነው። ሐኪሙ በሁለት መቆንጠጫ እያቀባበለ፣ ገመድ እንደሚለካ ሰው ከመነሻው ጀምሮ ይለካውና ይቆርጠዋል። የታችኛውን ጫፍ ሽቅብ ስቦ ከከረጢቷ ጋር ይሰፋዋል። ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ የሚያወርደውን የላይኛውን ጫፍ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያጋጥመዋል። ሁለት ጅረት ወርዶ ይገናኛል፤ ቅርጹ ባላ ነው። የባላው ስፌት የሎዛኑ ሐኪም የሴሳር ሩ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሲሠራበት ነገሩ ከውፍረት ጋር አይገናኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤድዋርድ ሜሰን በአዮዋ ጨጓራን ከፍሎ ምግብን በአቋራጭ መስደድን ለውፍረት ሕክምና አዋለ። ኋላ ሁለቱ ጥበብ ተጋቡ።

ጥሩ እጅ የሚታወቀው በማያያዣው ነው። ሲወጠር ይተረተራል፤ ደም ካጣ ይሞታል። ስለዚህ የአንጀቱ ጫፍ ሳይጎተት፣ ሮዝ መልኩን እንደያዘ መድረስ አለበት። ተሰፍቶ ሲያልቅ ስፌቱን ውሃ ያለብሱና ከውስጥ አየር ይነፉበታል፤ ጎሚስታ የጠገነውን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልግ ማለት ነው። አረፋ ከሌለ ሥራው ይዟል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሰውነት ሥራ ነው። ብዙ ዘመን ሰው የሚከሳው ጨጓራው ስላነሰ ብቻ ይመስል ነበር። በኖርዝ ካሮላይና የነበሩት ዋልተር ፖሪስና ባልደረቦቻቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ሥራ የስኳር በሽታ ሐኪሞችን አስደነቀ፤ የብዙ ሕሙማን የደም ስኳር ክብደታቸው ገና ሳይቀንስ፣ በቀናት ውስጥ ወርዶ ነበር። ምግቡ ቶሎ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉ ሴሎች ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የተባሉ ሆርሞኖችን በብዛት ይለቃሉ። ጂኤልፒ-1 ቆሽትን «ኢንሱሊን አውጣ» ይላል፤ ሁለቱም አንጎልን «ጠግበናል» ይሉታል። በምግብ ቅነሳ ብቻ የከሳ ሰው ረሃቡ ይበረታበታል፣ ሰውነቱም ጉልበት ይቆጥብበታል። ከዚህ ስፌት በኋላ ግን ረሃቡ እንደዚያ አይከብድም። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውሃውን አያዘውም፤ ቦዩን ይቀይርለታል፣ ውሃው ራሱ ይሄዳል። ስፌቱም እንደዚያው ነው።

ዋጋ አለው። ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ቢ12 ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ነው፤ በአንዳንዱም ላይ ክብደቱ ወይም ስኳሩ ይመለሳል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ከታካሚው ገላ የወጣ አንዲት ቁራጭ ጨጓራ የለም። ትልቁ ጨጓራ እንኳ ደሙን እያገኘ፣ ፈሳሹን እያመነጨ እቦታው ይኖራል። ዓመታት ሙሉ «ሆዳም ነህ» የተባለው ያ ሰው፣ ፈቃዱን ማንም ሳይነካበት፣ የመንገድ ለውጥ ብቻ ተደርጎለት ጠገበ። ስፌቱ መሰከረለት።