ከመሪው ላይ ብድግ የምትል ጣት

የአውስትራሊያን ምድረ በዳ ከዳርዊን እስከ ፖርት ኦገስታ የሚሰነጥቀው የስቱዋርት አውራ ጎዳና ርዝመቱ ከ2,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አልጋና ምድጃ በተገጠመለት ቫን ልጆቹን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ደስታው ቀይ አፈሩ ብቻ አይመስለኝም፤ እኔ የምወደው ሰላምታውን ነው። ከፊት የሚመጣው ሾፌር እጁን ከመሪው ሳያነሳ አመልካች ጣቱን ብቻ ብድግ ያደርጋል። በቃ! ልጆቹ ከኋላ ሆነው ማን ቀድሞ እንዳየ ይከራከራሉ። እስከ 53.5 ሜትር የሚረዝሙት ባለብዙ ተሳቢ የጭነት መኪናዎች እንኳ ሲያልፉ ነፋሳቸው ቫኑን ቢያወዛውዘውም (ያስደነግጣል!) ሾፌሮቻቸው ሰላምታ አይነፍጉም። ሲመሽ ካንጋሮ መንገድ ስለሚገባ ጉዞው ጀምበር ሳትጠልቅ ይቆማል፤ እራቱም ደጅ ይበላል። አዴሌይድ ከተማ ገብታችሁ ጣታችሁን ብታነሱ ግን የሚመልስላችሁ አይኖርም።