«የባሕር ጠረፍ ጥበቃ» ስለሚባለው ስያሜ

ባሕር ኃይልን መልሶ የማቋቋሙ ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. ከተገለጠ ወዲህ «የባሕር ጠረፍ ጥበቃ» የሚለው ሐረግ ደጋግሞ ይነበባል። ለጆሮ የሚስማማ ቢሆንም፣ ሦስቱም ቃላቱ ፍች ስለሚጎድላቸው ለሕግ ቋንቋ እንዲህ እንዳለ አይበቃም።

«ባሕር»ን እንመልከት። ግእዙም አማርኛውም ውቅያኖስ አገናኙን ውኃና በየብስ የተከበበውን ባንድ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ባሕር ዳር የጣና ዳር ከተማ ናት። በደቡብ ኦሞም ከአርቦሬዎች አገር በስተደቡብ ያለው ጨው ባሕር፣ ሀንጋሪያዊው አሳሽ ቴሌኪ በ1888 እ.ኤ.አ. «ስቴፋኒ» ያለው፣ አንድ ዘመን ይሞላል፤ ሌላ ዘመን ደርቆ ሜዳ ይሆናል። እንግዲህ የባሕር ጠረፍ ማለት የባሕርና የየብስ መገናኛ ነው ብለን ብንፈታ፣ አርቦሬም የባሕር ጠረፍ ሊባል ነው፤ ያውም እንደ ዝናቡ የሚሄድና የሚመጣ ጠረፍ! «ሐይቅ» ብለን እንለየው የሚል ይኖራል። ያስኬዳል፤ ነገር ግን «ሐይቅ» በግእዝ የባሕሩን ዳር ጭምር ይገልጥ ነበር። ለዳርቻው የነበረን ቃል ለውኃው ተሰጠ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ጠረፍ»ና «ወሰን» መደባለቃቸው ነው። የ1982 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት የአንድ አገር የግዛት ባሕር እስከ 12 የባሕር ማይል እንዲዘልቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወሰኑ ያለው ውኃው ላይ ነው። የጠረፍ ዘብ አሸዋ ላይ ይቆማል፤ የወሰን ጠባቂ ግን ጀልባ ያሻዋል። «ጥበቃ»ም አይቶ መንገርን፣ አስቁሞ መፈተሽንና መዋጋትን ሳይለይ ይሸፍናል፤ የማን ሥልጣን የት እንደሚያበቃ የሚወሰነው ግን በዚሁ ልዩነት ነው።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ክርክሩ የቃላት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ከአርቦሬ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን በውኃ ላይ ያልፋል። በዚያም የዳሰነችና የቱርካና ዓሣ አጥማጆች ተጋጭተው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህን ስፍራ «የባሕር ጠረፍ» አይገልጠውም፤ የየብስ ጠረፍም አይደለም።

በእኔ አስተያየት «የውኃ ወሰን» አጠቃላይ ስያሜ ሆኖ «የባሕር ወሰን»ና «የሐይቅ ወሰን» በሥሩ ይግቡ፤ «ጠረፍ» ለየብሱ ዳር ብቻ ይቅር። በ«ጥበቃ» ፈንታም «ቅኝት»፣ «ቁጥጥር»ና «መከላከል» እንደየሥራቸው ይለዩ። በራዳር የሚደረገውን የሩቅ ክትትል «ቅኝት» ማለት ይገባል ወይ የሚለው ለጊዜው ይቆየን፤ ቃኚ ሄዶ የሚያይ እንጂ ተቀምጦ የሚጠብቅ አልነበረምና።